የቁራ ቋጥኝ ደብዳቤ

«አልሄድም አልኩ አልሄድም! ስንት ጊዜ ልንገርህ አባዬ?»

«እኔስ ስንት ጊዜ ልለምንሽ? ይህ እግር ደህና ቢሆን ኖሮ ያንቺን ፊት አላይም ነበር» አለ ኤሞስ ኤንዳኮት። አዲስ ዓመት በገባ በሳምንቱ በረዶ አንሸራቶት የዞረ ቁርጭምጭሚቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ዱካ ላይ ሰቅሎታል። ጭኑ ላይ በሰም ጨርቅ የታሸገ አዲስ መዝገብ አለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ቁራ ቋጥኝ ላይ ያለው ያ ሳጥን መዝገብ አጥቶ አያውቅም። በጦርነቱ አላጣም። እናትሽን የቀበርን ሳምንት እንኳ አላጣም። ዛሬ ያንቺ ኩርፊያ ያሳጣው?»

«አንድ ቀን ቢያጣ ሰማይ አይደፋም።»

«የተጓዦቹ ምሳ ዛሬ ነው እኮ! የሞላው መዝገብ ወርዶ ካልተነበበ ምኑን ምሳ ሆነ?»

«በግ ነዋ! የሚበሉት በግ ነው፣ መዝገብ አይበሉ።»

ሽማግሌው ከንፈሩ ለሳቅ ተንቀጠቀጠና መልሶ ዋጠው። ቲርዛ ጀርባዋን ሰጥታው የምድጃውን አመድ ትጠርጋለች። አመዱ ተጠርጎ ካለቀ ቆይቷል፤ መጥረጊያው ግን አላረፈም። የሃያ አራት ዓመት ሴት ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ይህን ቤት፣ አርባ በግና አንድ ግትር አባት ይዛ የኖረች፣ ሥራ ሸሸች ተብላ የማታውቅ።

«የሸሸሽው ብርዱን አይደለም» አለ አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብርድ የሚፈራ ልጅ አልወለድኩም። የጠበቃው ልጅ…»

«ስሙን እንዳታነሳ!»

«መች አነሳሁ? የጠበቃው ልጅ ነው ያልኩት። የዞረው እግሬ ነው፣ ዓይኔ አልዞረም። አዲስ ዓመት ዕለት እዚያ በር ላይ ከጠዋት እስኪጨልም ቆመሽ ስትውዪ አይቻለሁ። ‹ፈረሶቹን እያየሁ ነው› አልሽኝ። ፈረሶቹ ጓሮ ነበሩ።»

ቲርዛ መጥረጊያውን አቆመች። «እና ምን ይሁን?»

«እናማ ስሚኝ። ንጉሡ ለሴት ብሎ ዙፋኑን ጣለ እያሉ ጋዜጦቹ ወር ሙሉ ስላወሩ፣ ወንድ ሁሉ ይጥላል ብለሽ እንዳትጠብቂ። ኮፍያውን እንኳ የማይጥል አለ።»

መጥረጊያው ከምድጃው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ቲርዛ መዝገቡን ከአባቷ ጭን ላይ መንጭቃ ካፖርቷን ሳትቆልፍ ወጣች። ኤሞስ የረታ መስሎት ትንባሆውን መጠቅጠቅ ጀመረ። እሷ ግን የወጣችው ያንን የኮፍያ ነገር ሁለተኛ ጊዜ ላለመስማት ነበር። ውስጧን ያቃጠላት ንግግሩ አልነበረም፤ ለአንድ ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት ለራሷ ስትለው የከረመችው መሆኑ ነው።

*

ከኤንዳኮት እርሻ እስከ ቁራ ቋጥኝ፣ መንገዱን ለሚያውቅ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ለማያውቅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ቲርዛ ያለማሰብ ትረግጠዋለች። ጨፌው ላይ የጋገረው በረዶ የቱ ጋ ሰው እንደሚሸከም፣ የቱ ጋ ደግሞ እስከ ወገብ እንደሚውጥ እግሯ ራሱ ያውቀዋል። አስታው ውርጭ መትቶት ቡናማ ሆኗል። በጎች ከድንጋይ ካቡ ሥር ተጠጋግተው ቆመው ስታልፍ አንገታቸውን እንኳ አላዞሩም።

የሳጥኑን ደንብ የተማረችው ከፊደል በፊት ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ስሙን መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ የሳጥኑን ማኅተም በገዛ ደብተሩ ላይ ይመታል፤ ካሻው ደግሞ ደብዳቤ ይተዋል። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ ያንን ደብዳቤ ይዞ ወርዶ ከሚኖርበት ከተማ በፖስታ ይልከዋል። አይከፍተውም። አያሳድረውም። ማን ለማን ጻፈው ብሎ አይጠይቅም። «ብቻ አድራሻና ቴምብር ይኑረው» ይላት ነበር ኤሞስ፣ በትንሽነቷ ከጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። «አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ወላጅ እንደሌለው ልጅ ነው፤ ማንም አይወስደውም።»

ሮላንድ ካርስሌክን ያወቀችውም እዚሁ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በመከር ጭጋግ ወርዶ ሳለ፣ ከቋጥኙ በታች ረግረግ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ አገኘችው።

«ጫማህን ተወውና እግርህን አውጣ» አለችው።

«ጫማው እኮ የአባቴ ነው» አላት፣ እየሰመጠ።

ያን ጊዜ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ እየሳቀ ያያት አስተያየት ግን ከሳቁ ረዘመ። የካርስሌክ ቤት በታቪስቶክ ከተማ ሦስት ትውልድ የጠበቃ ቤት ነው። ኤሞስ ኤንዳኮት በጉዳይ ሲሄድ ገና ከደጁ ኮፍያውን የሚያወልቅለት ቤት። ስለዚህ እንደሌላው ሰው በፖስታ መጻጻፍ አልሆነላቸውም። ደብዳቤዎቻቸውን ሳጥኑ ውስጥ ከተነጠፈው ጨርቅ በታች ይሸሽጉ ነበር፤ ስም የላቸው፣ አድራሻ የላቸው፣ ቴምብር የላቸው። ሁለት ዓመት እንዲህ ተዋደዱ።

ከገና በፊት በነበረው ወር ከጨርቁ ሥር ያገኘችው ደብዳቤ ግን ከሌሎቹ ይለያል። «ካናዳ የመምህርነት ሥራ አግኝቻለሁ» ይላል። «መርከቡ በክረምቱ መጨረሻ ይነሳል። ሚስቴ ሆነሽ ትመጫለሽ? አባቴ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ቆርጬ እነግረዋለሁ እንጂ አልጠይቀውም። መልስሽን በገና ማግስት ወጥቼ ከሳጥኑ እወስዳለሁ። እሺ ካልሽ አዲስ ዓመት ዕለት በራችሁ ላይ እቆማለሁ። ባዶ ካገኘሁት ግን ይገባኛል፤ ፊት ለፊት እምቢ የማለት ጭንቀት ላሸክምሽ አልፈልግም።»

ይህን የመጨረሻውን ቃል ቲርዛ ጨዋነት ነው ብላ ወሰደችው።

መልሱን አራት ጊዜ ጽፋ አራት ጊዜ ቀደደችው። በአምስተኛው «እመጣለሁ» አለች፤ ከዚያ በኋላ የጻፈችው ሁሉ ይህንኑ መልሶ የሚል ነበር። የገና ዋዜማ ዕለት ፖስታውን ስታሽግ ግን ስሙን ሳትጽፍበት መተው አቃታት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙን ጽፋው አታውቅም። አሁን ሚስቱ ልትሆን ነው፤ የምታፍርበት የለም። በጥንቃቄ፣ ፊደሎቹን እያስተካከለች፣ ሮላንድ ካርስሌክ ብላ ስሙን፣ ከሥሩም መንገዱንና ከተማውን ጻፈች። አባቷ እንዳስተማራት ቴምብር ለጠፈች። ቋጥኙ ላይ ስትደርስም ጥቁሩን የቁራ ማኅተም ጥግ ላይ መታችበትና ከጨርቁ ሥር መሸሸጉን ተጠይፋ ከመዝገቡ ላይ አስቀመጠችው። ገና ዕለት ማን ይወጣል? በማግስቱ የሚመጣው እሱ ብቻ ነው።

አዲስ ዓመት ዕለት ማንም በር ላይ አልቆመም። ወሰደው፣ አነበበው፣ ዝም አለ፤ ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች? ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ቋጥኙ ቀና ብላም አላየች።

አሁን ሳጥኑን የሸፈኑትን ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አንስታ፣ ቆርቆሮውን ከፍታ፣ የሞላውን መዝገብ አወጣች። ላለማየት ወስና ነበር። አዲሱን አስገብታ፣ አሮጌውን ብብቷ ሥር ከታ ልትወርድ። ነገር ግን የመዝገብ ጠባቂ ልጅ ናትና ገጹ እርጥበት ነክቶት እንደሆነ ለማየት ገለጥ አደረገችው፤ የገና ዕለት ጽሕፈት ፊቷ ተዘረጋ። የሽማግሌ እጅ፣ ትልልቅ ፊደል፦

«የገና ዕለት። ጭጋግ ነው። ሰው አላጋጠመኝም። ለታቪስቶክ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ አግኝቻለሁ፤ በደስታ አደርሳለሁ። ሴፕቲመስ ላስኩም፣ ከፕሊመዝ።»

ከሥሩ ደግሞ በምታውቀው እጅ፦

«በገና ማግስት። ደብዳቤ የለም። ሮ.ካ.»

«የለም» የሚለው ላይ እርሳሱ ወረቀቱን ቀዶታል። ከእነሱ በታች ሌሎች ጥቂት ሰዎች ጽፈዋል፤ አላነበበቻቸውም። ቀዳዳው ላይ ጣቷን አሳረፈች። አንዴ አነበበች። ደገመች።

«አላገኘውም!» አለች ጮክ ብላ። ከበግ በቀር የሰማት አልነበረም። «ጌታዬ፣ አላገኘውም እኮ!»

ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ቦታ ቦታውን ያዘ። እሷ በገዛ እጇ አድራሻ ጽፋ ቴምብር ለጥፋ፣ አንድ ደግ ሰው ደንቡ እንደሚያዘው ይዞላት ወርዷል። እሱ መጥቶ ባዶ አግኝቷል። ደብዳቤው በፖስታ ሲደርስ እናቱ እጅ ገብቶ ይሆናል፤ እናቱ ደብቃዋለች፣ ወይ አቃጥላዋለች። ሮላንድ እስካሁን እምቢ ያለችው መስሎት እንደ እሷው ያለቅሳል! ቲርዛ ያቺን አይታት የማታውቀውን ሴት በልቧ ረገመች፤ እየረገመች ፊቷ በራ። ድንጋዮቹን እንደ ወትሮው በደንብ መልሳ ደረደረች፤ አንዱንም አላዛነፈችም። ከዚያ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደችው። ወር ሙሉ በድን ሆኖ የከረመ ልብ እንደገና ሲመታ እንዲህ ያማል ብሎ የነገራት አልነበረም፤ ሕመሙን ወደደችው።

*

የወይዘሮ ፐግስሊ ማረፊያ ከሰው ብዛት መስኮቱ አልቦታል። በየዓመቱ በዚህ እሁድ የሚሰበሰቡት ተጓዦች እርጥብ ቦት ጫማቸውን ኮሪደሩ ላይ ደርድረው፣ በካልሲ አዳራሹን ሞልተውታል። የፖም ጠጁ ሁለተኛ ዙር ደርሷል።

«የጠበቃውን ልጅ ጥሪልኝ ነው የምትዪኝ?» አለች ወይዘሮ ፐግስሊ፣ በሁለት እጇ የሾርባ ድስት እንደያዘች። «እኔ ዛሬ ራሴን ብጠራ አልሰማም እናቴ። ውይ፣ ላብሽ! ከማን ስትሸሺ ነው? ቆይ እሺ… ሚስተር ሮላንድ! ሰው ይፈልግሃል፣ ካፖርት መስቀያው ጋ!»

መጣ። በካልሲው ነበር፤ ረጅም፣ ከበፊቱ ከሳ ያለ። ሲያያት ፊቱ ቀላና መልሶ ገረጣ። እርጥብ ካፖርቶች ግራና ቀኝ በተሰቀሉባት ጠባብ መተላለፊያ ፊት ለፊት ቆሙ።

«ቲርዛ…»

«ዝም በል፣ መጀመሪያ እኔ ልናገር። እይ! እዚህ ጋ እይ።» መዝገቡን ገልጣ አቀረበችለት። ቃላቱ እየተጋፉ ወጡ። «ጽፌልህ ነበር። የገና ዋዜማ ዕለት ራሴ ወጥቼ አስቀመጥኩት። ሞኝነቴ፣ አድራሻ ጻፍኩበት፣ ቴምብርም ለጠፍኩበት። እኚህ ሰውዬ ደግሞ አግኝተው ወሰዱት። አንተ ስትመጣ ባዶ ሆነብህ። አየህ? በገዛ እጅህ ጽፈኸዋል፣ ‹ደብዳቤ የለም›። እኔ እኮ ወስደህ ዝም ያልከኝ መስሎኝ ወር ሙሉ… ወር ሙሉ ሮላንድ!»

እሱ ገጹን ያያል። ሁለት መስመር ለማንበብ ከሚበቃው ጊዜ በላይ አየው። ከአዳራሹ የሳቅ ማዕበል መጥቶ አለፈ። ቲርዛ ፈገግታዋን እንደያዘች ጠበቀች። ቀና ይላል፤ «ምን ብለሽ ጻፍሽልኝ?» ይላታል፤ እሷም ትነግረዋለች።

ቀና አላለም። አልጠየቃትም።

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ብቻውን ቀረ።

«ምን ብዬ እንደጻፍኩ አትጠይቀኝም?» አለች ቀስ ብላ።

«ቲርዛ፣ እዚህ ሰው አለ። ነገ…»

«ጠይቀኝ እንጂ። ያላነበበ ሰው ይጠይቃል።»

ሮላንድ ከካፖርቶቹ አንዱን እጅጌ ያዘ፤ የማን እንደሆነ አያውቅም። «ማክሰኞ ደረሰኝ» አለ። «ከገና በኋላ በነበረው ማክሰኞ።»

«እናትህ ደበቀችብህ? በኋላ ነው ያገኘኸው?»

«እናቴ በእጇ አምጥታ ሰጠችኝ። ቁርስ ላይ ነበርን። ጥጉ ላይ ያለውን የቁራ ማኅተም አይታ ‹እንዴት ያምራል› አለች።»

ቲርዛ መዝገቡን ዘጋችው። በመንገድ ሙሉ የረገመቻት ሴት ምንም አላደረገችም። የምትረግመው ሰው ጠፋት።

«ቅዳሜ ከቋጥኙ ስወርድ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር» አለ እሱ፤ አሁን ሲጀምር አላቆም አለው። «ማታውኑ ለአባቴ ካናዳ እንደማልሄድ ነገርኩት። ከእሱ ጋር ቢሮ እንደምገባ። ጨበጠኝ ቲርዛ። በሕይወቴ ጨብጦኝ አያውቅም። በገዛ እጁ ወይን ቀዳልኝ። እናቴ አለቀሰች። ማክሰኞ ደብዳቤሽ ሲመጣ ስሜ ቢሮው በር ላይ እንዲጻፍ ታዞ ነበር። ምን ልበላቸው?»

«ሦስት ቀን» አለች። «ሦስት ቀን ነው የዘገየው።»

«ቃል ሰጥቼ ነበር።»

«ለእኔስ የሰጠኸው ምን ነበር? ገለባ?»

ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል፤ ውሸት እንዳልሆኑ ታውቃለች። ያ ነው የከፋው። የሚዋሽ ሰው ቢሆን ኖሮ ትጠላውና ይቀልላት ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «እውነቱን ንገረኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ያን ቀን ክዳኑን ከፍተህ ባዶ መሆኑን ስታይ፣ መጀመሪያ ምን ተሰማህ?»

«እርሳሱን አይተሽ የለ? ወረቀቱን እኮ ቀድጄዋለሁ።»

«ያ ስትጽፍ ነው። ከዚያ በፊት።»

ካፖርቶቹ ይንጠባጠባሉ። አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ማንኪያ ወንበር ላይ እየመታ ጸጥታ ይጠይቃል።

«እፎይ አልኩ» አለ ሮላንድ። የተናገረው ከንፈሩ ብቻ ይመስል ነበር። «መጀመሪያ እፎይ አልኩ። ከዚያ ራሴን ታዘብኩት። ከዚያ ነው ያለቀስኩት፤ እስከ ታች እያለቀስኩ ወረድኩ። ይኸው ነው እውነቱ። ደብዳቤሽ ሲመጣ… አነበብኩት፤ እንዳንቺ ያለ ሰው እንዲህ ጽፎልኝ አያውቅም፣ ወደፊትም አይጽፍልኝም። እዚህ ነው ያለው።» እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። «በየቀኑ ይዤው ነው የምውለው። ከፈለግሽ እመልስልሻለሁ።»

ቲርዛ ቆማ አየችው። ሁለት ዓመት የምታውቃቸው ዓይኖች ናቸው፤ ያው ልዝብ፣ ያው ደግ። ደግነታቸው ልክ አሁን ያለበት ቦታ ድረስ እንደሚሄድና ከዚያ አንድ እርምጃ እንደማያልፍ እስከ ዛሬ ማየት አልቻለችም ነበር። እሷ አርባ በግና አንድ አባት ጥላ፣ ባሕር ልትሻገር፣ አራት ወረቀት ቀዳ ስትጽፍ፣ እሱ ባዶ ሳጥን እየተመኘ ኖሯል ዳገቱን የወጣው።

«ደብዳቤው የእርስዎ ነው ሚስተር ካርስሌክ» አለች። «ስምዎ ተጽፎበታል።»

«እርስዎ አትበይኝ! ለእግዜር ብለሽ። ስደቢኝ ይሻላል።»

«ለምን እሰድብዎታለሁ? አባቴ ሲመጣ እርስዎ ይልዎት የለ? እኔም ልጁ ነኝ።»

«ቲርዛ፣ እለምንሻለሁ…» እጁን ዘረጋ። እሷ ያልሸሸችው መተላለፊያው ስለጠበበ ብቻ ነው። ጣቶቹ እጅጌዋን ነኩና የሚሉት አጥተው ወደቁ።

ያን ጊዜ የውጭው በር ተከፍቶ አንድ አጭር ሽማግሌ፣ ኮፍያው በበረዶ የነጣ፣ አፍንጫው የቀላ፣ እየተጣደፈ ገባ።

«ዘገየሁ! ዘገየሁ! አውቶቡሱ ዳገቱን እምቢ ብሎ በእግሬ ነው የወጣሁት። በጉን በላችሁብኝ?» አለና መዝገቡን በቲርዛ እጅ ሲያይ ክው ብሎ ቆመ። «ይቺ ናት! የቁራ ቋጥኟ መዝገብ ናት አይደል? እኔ እኮ አለሁባት! ላስኩም እባላለሁ፣ ሰዓት ጠጋኝ ነበርኩ፣ ፕሊመዝ። አንቺ የኤንዳኮት ልጅ ነሽ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«እግዜር አባትሽን ይስጥልኝ። ገና ዕለት ወጣሁ። ልጆቼ ‹አበዱ እንዴ› ብለውኛል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ያን ቀን ቤት መዋል አይሆንልኝም፤ ወንበሯ ያየኛል። ወጣሁና፣ እንዲያው ምን አገኘሁ? ደብዳቤ! ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በየቋጥኙ ስንት ሳጥን ከፍቻለሁ፣ በረዶ ላይ ደብዳቤ ሳገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። የሴት ልጅ ጽሕፈት ነው፣ ታውቂያለሽ፣ ፊደሉ አንድ በአንድ ተለቅሞ የተቀመጠ። እንዳይርስብኝ ብዬ ከሸሚዜ ውስጥ፣ ከገላዬ ላይ አድርጌ ነው ይዤው የወረድኩት። በዓሉ ሆነና ፖስታ ቤቱ ሁለት ቀን ዘጋብኝ፤ እንቅልፍ አጣሁ። ሰኞ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ስከተው እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አስባለሁ፤ ደርሶ ይሆን? የጻፈችው ልጅ ማን ትሆን?»

ሮላንድ የቦት ጫማዎቹን ረድፍ ያያል።

ቲርዛ ሽማግሌውን አየችው። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። በአንድ ወር ውስጥ የተሰጣት ደግነት ሁሉ በዚህ በቀላ አፍንጫ ላይ የተከማቸ መሰላት።

«ደርሷል ሚስተር ላስኩም» አለች። «በደህና ደርሷል። ሳይርስ።»

«እሰይ! እሰይ ልጄ! አንቺ ታውቂያታለሽ ማለት ነው? መልስስ አገኘች?»

«አገኘች።»

«ተመስገን። ገና ዕለት የተጻፈ ነገርማ መልስ ያገኛል፤ ልጆቼን ብያቸው ነበር» አለ ሽማግሌው። የእሷን እጅ ይዞ ወዘወዘው፤ የሮላንድንም ያዘና ወዘወዘው፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ከደስታው ብዛት። ከዚያ እየሳለ ወደ ሙቀቱ ገባ።

«ሮላንድ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ጠራ። «መዝገቡ መጣ አሉ! ና አንብብልን፤ ያለ አንተ ድምፅ አይጥመንም!»

በየዓመቱ የሚያነበው እሱ ነው። ቲርዛ መዝገቡን ዘረጋችለት። ተቀበላት። የሚለውን ፈልጎ አፉን ከፈተ፤ ሁለተኛ ጠሩት፤ ሄደ።

እሷ ካፖርቶቹ መካከል ቆማ ቀረች። ሊያልፍ ያለ ነገር እስኪያልፍ እንደምትጠብቅ ዓይነት። በግማሽ በተከፈተው በር በኩል ድምፁ ይሰማታል፤ ያ ወፍራም፣ ያልተቸኮለ ድምፅ። የበጋውን ገጾች አነበበ፤ ሳቁ። ስለ ሁለት ወታደሮችና ስለ አንድ የተሰረቀ ዳቦ አነበበ፤ ጠረጴዛ ደበደቡ። ከዚያ «የገና ዕለት» አለ፤ ድምፁ ትንሽ ሻከረ፤ ግን ጨረሰው። «በደስታ አደርሳለሁ። ሴፕቲመስ ላስኩም፣ ከፕሊመዝ።» አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። «ላስኩም ይናገር! ላስኩም!» ተባለ።

ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች። የሚቀጥለውን መስመር በቃሏ ታውቀዋለች። ከሽማግሌው ስም ቀጥሎ ነው ያለው፤ ወረቀቱ እዚያ ጋ ተቀዷል።

ሮላንድ ጉሮሮውን ጠረገ። «በጃንዩዋሪ ሦስት» ብሎ አነበበ። «ከኤክሰተር አራት ነን። ውሻችን ወድቆ ተነሥቷል። አንድ ጥያቄ አለን፦ ማኅተሙ ላይ ያለው ወፍ ቁራ ነው ወይስ የታመመች ዶሮ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ዶሮ ናት አለ፤ ሌላው የኤንዳኮት እጅ የቀረጸውን ዶሮ የሚል ይውጣና ይሞክረኝ አለ። ሚስተር ላስኩም ደብተሩን አውጥቶ ማኅተሙን ለጎረቤቱ እያሳየ፣ ክንፉን ተመልከት፣ ክንፉን ብቻ ተመልከት ይላል። አጠገባቸው ያሉት ወንበራቸውን አስጠጉ። ሮላንድ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከእነሱ ጋር አጎነበሰ።

ወይዘሮ ፐግስሊ የበጉን ትሪ በትከሻዋ ይዛ በመተላለፊያው ስትመጣ ቲርዛ ግድግዳውን ተጠግታ አሳለፈቻት። ትሪው ገባ፤ እልልታ ተነሣ። ቲርዛ የካፖርቷን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፈች፣ የበሩን መቀርቀሪያ አነሣች፣ ወጣችና በስተኋላዋ ቀስ ብላ ዘጋችው። ውስጥ ቢላዋ ሲሳል ይሰማል፤ ክንፉን ተመልከት ይላል ሽማግሌው፣ ክንፉን።